የአባባ ዓላል በግ እና የእማ ፈተና

ሰፍሩ፣ ረቡዕ ጁላይ 12 ቀን 2023

ለምወድሽ እህቴ ለኒስሪን፣

ከሰላምታዬ በፊት ኑዛዜ አለኝ። እኔ ዊዳድ፣ የሟቹ የድሪስ ልጅ፣ የዓላል የልጅ ልጅ፣ ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ሙሉ (አባባ ዓላል ይህን ቢክዱም)፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አምናለሁ። በዐረፋ ማግስት ከጎረቤታችን ከላላ ዙሁር ጣሪያ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ከተሸፈነ ትሪ፣ አንዲት ቁራጭ የጠቦት ሥጋ ሰርቄያለሁ። አልበላኋትም። የሰረቅኳት ለሳይንስ ነው። በእኔ ፈንታ የተፈረደበት ድመታችን ፓሻ ነው፤ ላላ ዙሁር መጥረጊያ ይዘው ከጣሪያ ጣሪያ አባረሩት። እሱን በሰርዲን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ላላ ዙሁርን ገና ነኝ።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ነሽ ኒስሪንዬ? ሌሊት ተረኛ መሆን ቀነሰልሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። በወረቀት የምጽፍልሽ ስልኩ የእማ ስለሆነ ነው፤ ድምፅ ቀድቼ ልላክ ብል ደግሞ በዚህ ሰፈር ግድግዳው ሳይቀር ይሰማል። የላላ ዙሁር ልጅ ሙኒር ዓርብ ወደ ብራስልስ ሲመለስ ያመጣልሻል። ውስጡ እናቱ እንዳሉበት አትንገሪው።

የምጽፍልሽ ስለ እማ ነው። መጋቢት ላይ እማ በረዳት ነርስነት ትምህርቷ፣ «ሕዋስና በሽታ መከላከል» በሚለው ፈተና መውደቋን ስትነግርሽ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ፣ ድምፁን ከፍታ፣ በሐር ክር የጀላባ ቁልፍ እየቋጠረች ነበር። «እማ፣ ይበቃሻል፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ጭንቅላት ውስጥ አይገባም» ያልሻትን እሷ ሰማች፣ እኔ ሰማሁ፣ አባባ ዓላልም ሰሙ። ደክሞሽ እንደነበር አውቃለሁ። ልታሳርፊያት እንደነበር አውቃለሁ። ግን አባባ ዓላል ከዚያች ቀን ጀምሮ ንግግርሽን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ይዘው ይዞራሉ። እማ መጽሐፍ ባነሳች ቁጥር፣ «ብራስልስ ያለችው ነርስ ምን አለች?» ይላሉ ወደ ጣሪያው እያዩ። ሚሉዳ የሚለውን ስምዋንም ትተውታል። «ተማሪዋ ሻይ ታፈላልን ይሆን?» ነው የሚሏት።

ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር የእማ እጅ ርጥብ ነው፣ ስልክ መያዝ አትችልም፣ አይደል? ርጥብ አይደለም። ያንን ውሸት የምዋሽልሽ እኔ ነኝ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ በዓይኗ እያዘዘችኝ።

ሁለተኛውና የመጨረሻው ፈተና ሰኞ ነበር። ከወደቀች ተቋሙ ያሰናብታታል። አባባ ደግሞ ነገሩን ያለቀ አድርገው፣ ፌስ ከተማ ላለ አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጃቸው፣ «ከሐምሌ ጀምሮ ምራቴ ሙሉ ቀን የጀላባ ቁልፍ ትቋጥርልሃለች» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ሙሉ ቀን፣ ኒስሪን። አባዬ ሲታመም ሆስፒታል ከክፍሉ ውጪ ኮሪደር ላይ አስቁመዋት፣ «አንድ ቀን ከዚህ በር ወዲያ ነኝ» ያለችውን ታስታውሻለሽ። ቁልፍ ከበሩ ወዲህ ነው የሚቋጠረው።

ችግሩ ጭንቅላቷ አልነበረም። ችግሩ ወረቀቱ ነው። እማ መጽሐፉን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ የሐር ክሯን ጣቷ ላይ ጠምጥማ፣ «ታይመስ፣ ታይመስ፣ ታይመስ» ስትል የሰማት ሰው የሆነ የውጭ አገር አሰልጣኝ ስም የምትሸመድድ ይመስለዋል። በነጋታው ስጠይቃት ታይመስ ከአእምሮዋ ወጥቶ ሄዷል። እጇ ያልነካውን ነገር እማ አታምነውም።

እንግዲህ ዐረፋ መጣ፣ አባባ ዓላልም በግ ሊገዙ ወጡ።

አባባ ዓላልን ታውቂያቸዋለሽ። በሰባ ስምንት ዓመታቸው «መነጽር የሽማግሌ ነው» ይላሉ። ሐኪሙ ያዘዘላቸው መነጽር መሳቢያ ውስጥ ከእነ ማሸጊያው ተኝቷል። ስለዚህ የበጉን ጥርስ የመረመሩት በአውራ ጣታቸው ነው፤ በዚያ እንደ ለውዝ ባበጠው። ከበጉ ጋር ሲመለሱ ሰፈሩ በሙሉ እንዲሰማ በር ላይ ቆሙ። «ዓመቱን ገና የደፈነ ነው። እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ዓላልን የሚያታልል ነጋዴ ገና አልተወለደም።» ቀጥለው የላላ ዙሁርን ትንሽ ጠቦት አዩና፣ «ላላ ዙሁር፣ ይሄ በግ ነው ወይስ ሱፍ የለበሰ ዶሮ?» አሉ። ላላ ዙሁር፣ «እኛ የምንበላው ሥጋውን ነው፣ ዓላል፣ ፎከራውን አይደለም» አሉና በሩን ዘጉት።

በዐረፋ ዕለት ጉበቱን በሞራ ጠቅልለን ጠበስን። ጉበት ነውና ጉድ አላመጣም። ማታ ግን አባባ ከትከሻው አንዲት ቁራጭ ጎርሰው ዜና እስኪያልቅ አላመጧት። «ለስላሳ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ መንጋጋቸውን እያሹ። «ለስላሳ ሥጋ ቀስ ተብሎ ነው የሚበላው።»

በማግስቱ ጣሪያ ላይ ጨርቅ አንጥፈን፣ እማ በጉን ስትበልት እኔ ሳህን አቀብል ነበር። ከጭኑ ስብ ውስጥ ባቄላ የምታክል ግራጫ ነገር በቢላዋ ጫፍ አውጥታ ወረወረች። ፓሻ በአየር ላይ ቀለባት።

«እማ፣ እሱ ምንድን ነው?»

«የማይበላው።»

«ስሙን እኮ ነው የጠየቅኩሽ።»

«ስሙ የፓሻ ድርሻ ነው። ወጥ ውስጥ ከገባ ያመርራል። እናቴም ትጥለው ነበር።»

አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። ወርጄ መጽሐፉን አመጣሁ፣ ገጹን ገለጥኩና ሥዕሉን አሳየኋት። ጉሮሯችን ሲቆስል አንገታችን ሥር የሚያብጠው ንፍፊት። ነጭ የደም ሕዋሳት ተሰብስበው ጠላት መጣ አልመጣ የሚጠባበቁበት የጥበቃ ቤት።

እማ ሥዕሉን አየች፣ ፓሻን አየች፣ ሥዕሉን አየች። ከዚያ ቢላዋዋን ጨብጣ ገባችበት፤ ደም የተቀባ እጇ እንዲህ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። አንዷን ከትከሻው ፊት፣ አንዷን ከጉልበቱ ጀርባ፣ ከአንጀቱ ሞራ መሐል እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩትን አወጣች። ሳትፈልግ ነው የምታወጣቸው፤ ቢላዋው መንገዱን ያውቀዋል። ሳህኑ ላይ ደረደረቻቸውና ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጥበቃ ቤቱን እያፈረስኩ ድመት ሳበላ ነበር በይኛ» አለች።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት? ጣፊያውን አነሳች። መጽሐፉ ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት የሚጣሩበት ነው ሲል አነበብኩላት። «ለካ ለዚህ ነው ውኃው ሦስቴ ካልተቀየረ የማይጠራው» አለች፣ ሌላ ሰው የሠራውን ስህተት ያገኘች ይመስል። ጠላትን ውጦ፣ አድቅቆ፣ ቁርጥራጩን የራሱ ገላ ላይ ሰቅሎ፣ ወደ ጥበቃ ቤቱ ሄዶ ለሁሉም የሚያሳይ ሕዋስ አለ ስላት ግን ቢላዋዋን ጣለች።

«ዙሁር ናታ» አለች።

«ቀስ በይ እማ፣ ይሰማሉ።»

«ከመንገድ ያገኘችውን ትውጣለች፤ ቁርጥራጩን ፊቷ ላይ ለጥፋ ሴቶች የሚታጠቡበት ሐማም ትሄዳለች፤ ከዚያ የሚነሳው ከተማው ነው።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያንን ምዕራፍ ዳግም አላነበበችም። የሚያስታውሱትን ሕዋሳት ለመያዝም አልተቸገረችም። አንዴ የነካቸውን ዕድሜ ልክ የማይረሱ አሉ ስላት፣ «በእኔና በአባትሽ ሠርግ የሰጠናቸው ወንበር ዝቅ ያለ ነበር ብለው ዛሬም የሚነጫነጩ አማት አሉኝ» አለችና አለፈችው። ጠላት ላይ ልክክ የሚለውን ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ በራሷ ሙያ ተረጎመችው። እያንዳንዱ የጀላባ ቁልፍ የራሱ ማያዣ ቀለበት አለው፤ ጠበብ ካለ አይገባም፣ ሰፋ ካለ ይወልቃል። «ሰውነት ቁልፉን ካየ በኋላ ቀለበቱን በልኩ ይቋጥራል ማለት ነው» አለች። ኒስሪን፣ የእኛ የባዮሎጂ መምህር ይህን ለማስረዳት አንድ ሳምንት ፈጅቶ ነበር፣ ያውም ሳይሳካለት።

ሕዋሳት የሚማሩበት ዕጢ፣ ታይመስ፣ ብቻ ቀረ። መጽሐፉ ከልብ በላይ፣ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ እስከ አንገት ይላል። እማ ደረቱን ከፈተች፣ አንገቱን ከፈተች። ስብ ነው። ቢጫ፣ የሚያዳልጥ ስብ። «መጽሐፉ ዋሸ፣ ወይ እኔ አበላሽቼዋለሁ» አለች። እኔ ከታች ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ለራሴ ማንበብ ሲገባኝ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ታይመስ በልጅነት ትልቅ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ እየተሸበሸበ ወደ ስብ ይለወጣል።

መጀመሪያ ሁለታችንም የበጉን ጥርስ አየን። አፉን ከፍተን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዓይናችን። ኒስሪንዬ፣ ያ በግ ከእኔ ጋር አንደኛ ክፍል የገባ ይመስላል። ጥርሶቹ ተሸርፈው፣ በመካከላቸው መንገድ ወጥቶባቸው ነበር። ሳቄን ለመያዝ መሐረብ ነከስኩ።

እማ ግን አልሳቀችም። ቢላዋዋን ጨርቁ ላይ አስቀመጠችና መስመሩን በጣቷ ተከተለችው። «ወደ ስብ ይለወጣል» አለች። «ትምህርት ቤቱ ተዘግቷላ። እህትሽ ልክ ነበረች።»

እንግዲህ ፍረጂ፤ ምን ላድርግ? የላላ ዙሁር ጣሪያ ከእኛ ጋር በአንዲት ዝቅተኛ ግንብ ነው የሚለየው። ላላ ዙሁር ታች ከእንግዶቻቸው ጋር ነበሩ። የጠቦቱ አንገት ትሪው ላይ፣ ጨርቁ ሥር ነበር። ግንቡን ዘለልኩ፣ አገኘሁት፣ ቆርጬ በመሐረቤ ጠቀለልኩና ተመለስኩ። ሙሉ ወንጀሉ ይሄ ነው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለች እማ።

«ከወጣት በግ።»

ተቀበለችኝ። ነጣ ያለ ሮዝ፣ እንደ ወይን ዘለላ ትንንሽ ክፍል ያለው ነገር ነበር። በጣቶቿ መሐል አሸችው። መቅኔ ውስጥ የተወለዱ ጥሬ ሕዋሳት እዚያ ገብተው እንደሚማሩ አነበብኩላት። ፈተናው ሁለት ነው። የቤቱን ሰው ለይተው ያውቃሉ? የቤቱንስ ሰው ይደበድባሉ? የማያውቅም የሚደበድብም አይወጣም።

«ስንቱ ያልፋል?»

«ከመቶ ሁለት ሦስት።»

«የወደቁትስ?»

«እዚያው ይሞታሉ።»

«ተቋማችንን አላህ ይባርከው» አለች። «እኛን ቢያንስ ወደ ቤት ይልከናል።» መሳቋ ነበር። «ሳይፈተን ሾልኮ የሚወጣ የለም?»

አለ፣ አልኳት። እሱ ወጥቶ የገዛ ቤቱን ይደበድባል፤ የራሱን መገጣጠሚያ ጠላት ነው ብሎ ያሳብጣል። እማ ይሄን ስትሰማ ወደ ደረጃው ዞረች። ታች አባባ ዓላል ለሬዲዮው መልስ ሲሰጡ ይሰማል።

«የአባባ ጣት» አለች በቀስታ። «ሐኪሙ ያለው እሱን ነው። በዚያ ጣት ነው ጥርስ የዳበሱት። ምን ይሰማዋል ያ ጣት? ዊዳድ፣ ስለ በጉ ዕድሜ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ።»

ማልኩላት። ይህ ደብዳቤ መሐላውን አያፈርስም፤ ብራስልስ ሩቅ ነው።

ከዚያ ያደረገችውን ልንገርሽ፤ ደብዳቤውን የጀመርኩት ለዚህ ነው። የጠቦቱን ቁራጭ በግራ እጇ ይዛ፣ ቀኝ እጇን ወደ አሮጌው በግ ስብ መለሰች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ሁለት ነጭ የሐር ክሮችን በንክኪ ስትለይ እንደምታደርገው። ስቡን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ቀስ እያለች አሳለፈችው። ደጋግማ። ከዚያ ቆመች። ስቡን ገፍፋ ሽምብራ የማታክል ነገር አወጣች። ሮዝ። ዘለላ ያላት።

«አለች» አለች። «ትንሽ ናት። ግን አለች፣ አልተዘጋችም።»

መጽሐፉን ገልብጬ ሳየው ለካ ቀጣዩ ገጽ ላይ ተጽፏል። ጥቂቱ እስከ እርጅና ይቀራል፣ ጥቂት ያስተምራል፣ ቀድመው ያለፉትም እየተባዙ ቤቱን ይጠብቃሉ። ላነብላት ስል፣ «ተይው፣ ይዤዋለሁ» አለችኝ። እውነትም ይዛው ነበር።

በዚህ መሐል አባባ ወደ ላይ ወጡ። «በጌን ምን እያደረጋችሁት ነው?»

«እያጠናሁት ነው፣ አባባ።»

«በግ ይጠናል?»

«እንዲህ ያለ በግ ይጠናል።»

ደስ አላቸው። «መምረጥ ነዋ» ብለው ወረዱ።

ሰኞ ዕለት ከፈተናው ስትመለስ እኔ በር ላይ ነበርኩ። ጽሑፉ ደህና ነበር አለች። በቃል የጠየቃት ዶክተር ስቀሊ ነው፤ አባቱ ሐጂ ስቀሊ ከአባባ ጋር ካፌ ዳማ የሚጫወቱት። «በአዋቂ ሰው ታይመስ የት አለ?» አላት። «ስቡ ውስጥ ተደብቆ አለ» አለችው። ዶክተሩ ቀና ብሎ፣ «አይተሽዋል?» አላት። እማ ስትፈራ አንደበቷ እንደሚፈታ ታውቂያለሽ። የአማቷን በግ ነገረችው። ጥርሱን ነገረችው። ወጣቱን በግ ከጎረቤት ማን እንዳመጣው ሁሉ ነገረችው። «በጉ ስንት ዓመቱ ነበር?» ሲላት፣ «እሱን የሚያውቁት አላህና ነጋዴው ናቸው» አለችው። መሐላ ያስገባችኝ እሷ ነች፣ ኒስሪን። ያፈረሰችውም እሷ ነች፣ ያውም በመንግሥት ፈታኝ ፊት። ዶክተሩ አቀርቅሮ አንድ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ አላየችም።

እዚያው በር ላይ ሻርፗን እየፈታች፣ «ኒስሪን ይሄን ፈተና ስንት ነበር ያገኘችው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ደውዬ ልጠይቃት?» ስላት እጇ ወዲያው ረጠበ። ግን አንድ ሌላ ምስጢር ልጨምርልሽ። ከመጋቢት ጀምሮ የላክሽላትን ድምፅ ሁሉ ትሰማዋለች። ብቻዋን ሆና፣ ቁልፍ እየቋጠረች፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ። ስለ አየሩ ያወራሽውን ሳይቀር። ያለቀውን መልሳ ታስጀምረዋለች።

ውጤቱ ዛሬ ከቀትር በኋላ ተቋሙ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። እማ አልሄድም ብላለች። ታች ግቢው ውስጥ፣ በርጩማዋ ላይ፣ ያንኑ አንድ ቁልፍ እየፈታች ትቋጥረዋለች። እኔን ደግሞ «ከቤት ብትወጪ» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው፤ ስለዚህ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ይሄን እጽፋለሁ። ከዚህ መንገዱ እስከ ጥግ ይታያል። ፓሻ አጠገቤ ነው። ጓደኛ ሆነናል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አባባ ዓላል ከሶላት በኋላ «ካፌ ነኝ» ብለው ወጡ። በረመዳን የሚለብሷትን ነጭ ጀላባ ለብሰው። መርፌ ልፈልግ መሳቢያውን ስከፍት መነጽሩ የለም። ማሸጊያው ብቻ አለ፣ የተቀደደ። ዳማ ለመጫወት መነጽር ምን ያደርጋል?

ቆይ። መጡ። በጥጉ ታጥፈዋል። መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነው፣ ኒስሪን፤ ጉጉት መስለዋል። በዱላቸው መንገዱን እየደበደቡ፣ ሰው ሰላም ሲላቸው ሳይመልሱ ይመጣሉ። መልካቸው አይነበብም። ላላ ዙሁር መስኮታቸውን ከፈቱ፤ ወሬ ሸቷቸዋል። ቆሜ ስለምጽፍ ጽሑፌን ታገሺኝ።

ገቡ። በሩን በዱላ መቱት። አሁን እየጠሯት ነው። «ተማሪዋ» አላሉም። ልክ እንደሰማሁት እጽፍልሻለሁ፦

«ሲስተር ሚሉዳ።»

የእማ የክር ልቃቂት ወድቆ ድንጋዩ ላይ ሲንከባለል ይሰማኛል።

«ሲስተር ሚሉዳ፣ ስምሽ ከላይ አራተኛው መስመር ላይ ነው። ሁለቴ አነበብኩት። የፌሱ ልብስ ሰፊ ሌላ ቁልፍ ቋጣሪ ይፈልግ፤ እኔ እነግረዋለሁ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሁን ደግሞ የስቀሊ ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን በጌን ነፍስ ይማር እንዳለኝ አስረጂኝ።»

እማ ስትስቅ ሰማሻት? እያለቀሰችም ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ። ከመጋቢት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም። «ዊዳድን ይጠይቋት፣ ከጎረቤት ጠቦት ያመጣችው እሷ ናት» አለቻቸው፣ ከሃዲዋ። ላላ ዙሁር ከመስኮታቸው፣ «የምን ከጎረቤት የመጣ ጠቦት ነው?» እያሉ ነው። ፓሻ ቀድሞኝ ግንቡን ዘለለ።

ዱላው ደረጃው ላይ ነው። ስለዚህ ቶሎ፦ አላህ እጅሽን ከበሽታ፣ ልብሽን ከብቸኝነት ይጠብቅልሽ። ይሄ እጅሽ እንደገባ ደውይላት። ሌላ ምንም አታድርጊ፣ ስንት እንዳገኘሽ ብቻ ንገሪያት። እጇ ደረቅ ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ። ስሜን ለመፈረም ጊዜ የለኝም፤ ግድ የለም፣ አባባ ደረጃው ላይ ሆነው እየፈረሙልኝ ነው፦

«ዊዳድ!»